የቤት ዋይፋይ፦ በእርግጥ የሚቆልፈው ቁልፍ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ ራውተር ገዝቼ አስገጥሜያለሁ። ቤት ውስጥ ስልኮች፣ ላፕቶፕ፣ ስማርት ቲቪና አንድ የበር ካሜራ አሉ። ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ስለሚንቀራፈፍ ሰው ገብቶብኝ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። አንድ ወዳጄ የኔትወርኩን ስም ደብቅ፣ የየመሣሪያውን ማክ አድራሻ መዝግበህ ሌላውን ሁሉ ከልክል አለኝ። ይህ ይበቃል? ደግሞስ ጥግ ላይ ያለው መኝታ ክፍል ውስጥ ዋይፋዩ የሚጠፋው ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦ የወዳጅዎ ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን አይበቃም። እንዲያውም ሁለቱንም ባያደርጓቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ጊዜውን በእነዚህ ላይ ያጠፋና ዋናው በር ክፍት እንደሆነ ይቀራልና ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ።

ራውተር በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት በአየር ላይ ይለቃል። ስልክዎ ላይ የኔትወርክ ስሞች ተደርድረው የሚታዩት ከዚሁ መልእክት ተነሥተው ነው። ስሙን ሲደብቁት በመልእክቱ ውስጥ የስሙ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ መልእክቱ ግን መለቀቁን አያቆምም። የእርስዎ ስልክ ሲገናኝ ደግሞ ስሙን ራሱ በግልጽ ይጠራዋል፤ ሞገዱን የሚያዳምጥ ነፃ ፕሮግራም ያለው ሰው ያንን አንድ ጊዜ ከሰማ በቃው። የባሰው ሌላ ነው። ስሙ የተደበቀ ኔትወርክ የተመዘገበበት ስልክ ከቤት ርቆም ቢሆን «እገሌ የሚባለው ኔትወርክ እዚህ አለ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ቤትዎ ውስጥ የደበቁትን ስም ስልክዎ በሄደበት ሁሉ ያወራዋል ማለት ነው።

የማክ አድራሻውም፣ ማለትም እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ እንዲሁ ነው። መሣሪያዎቹ የሚለዋወጡት ይዘት ቢመሰጠርም የላኪውና የተቀባዩ ማክ አድራሻ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። የተፈቀደለትን አንድ አድራሻ አይቶ የራሱን ኮምፒውተር በዚያው አድራሻ ማስጠራት ለሰርጎ ገብ የደቂቃ ሥራ ነው። ለእርስዎ ግን የዘወትር ጣጣ ይሆንብዎታል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች ባለቤታቸው በየሄደበት እንዳይከታተሉት ሲባል እውነተኛውን አድራሻ ትተው በዘፈቀደ የተፈጠረ አድራሻ ይጠቀማሉ። ያ አድራሻ በተቀየረ ቁጥር ራውተሩ የገዛ ቤተሰብዎን ስልክ ያግዳል፤ እርስዎም እንደገና ለመመዝገብ ይቀመጣሉ።

በእርግጥ የሚቆልፈው ምስጠራውና የይለፍ ቃሉ ነው። በራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ገመድ አልባ ደህንነት የሚለው ገጽ ላይ የተለያዩ ምርጫዎች ያገኛሉ። ደብሊውኢፒ (WEP) የተባለው የምስጠራ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 ከመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ ጋር የመጣ ነው፤ ድክመቱ በ2001 በይፋ ታይቶ ዛሬ በደቂቃዎች ይሰበራል። በ2003 እንደ መሸጋገሪያ የወጣው የመጀመሪያው ደብሊውፒኤ (WPA) ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ለእርስዎ የሚሆነው ደብሊውፒኤ3 ነው፤ እሱ ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ (AES) ከተባለው የምስጠራ ዘዴ ጋር። ቲኬአይፒ (TKIP) የሚባለው የቆየ ዘዴ የተጨመረበትን ምርጫ ይለፉት። ቲቪው ወይም ካሜራው ደብሊውፒኤ3ን የማያውቅ ከሆነ ሁለቱን ያጣመረ ምርጫ አለ፤ እሱን ያድርጉ።

አሁን የይለፍ ቃሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነውና። ብዙዎቻችን ሰርጎ ገብ ማለት ከደጅ ሆኖ አንዱን ፓስወርድ ከሌላው እያፈራረቀ የሚሞክር ሰው ይመስለናል። በደብሊውፒኤ2 ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ስልክዎ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ አራት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣሉ። እነዚህን የቀዳ ሰው ወደ ራሱ ቤት ሄዶ፣ ኔትወርክዎን ዳግመኛ ሳይነካ፣ በራሱ ማሽን ላይ እንዳሻው ይገምታል። ራውተሩ «ሦስት ጊዜ ተሳስተሃል» ብሎ ሊያግደው አይችልም፤ ሙከራ እየተደረገ መሆኑንም አያውቅም። ደረጃውን ያወጡት መሐንዲሶች ግምቱን ለማዘግየት እያንዳንዱ ሙከራ 4,096 ዙር ስሌት እንዲፈጅ አድርገዋል። ቢሆንም አንድ ኃይለኛ የግራፊክስ ካርድ ይህን ሁሉ ዙር እያሰላ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ግምት ይሞክራል።

እንግዲህ ያስሉት። 8 አሃዝ ብቻ የሆነ ፓስወርድ ያለው አማራጭ 100 ሚሊዮን ነው፤ በዚያ ፍጥነት በ100 ሰከንድ ያልቃል። የስልክ ቁጥሩን ፓስወርድ ያደረገ ሰው የመጀመሪያዎቹ አሃዞች የታወቁ ስለሆኑ ከዚህ ብዙም አይሻልም። የልደት ቀን ደግሞ ከነጭራሹ ፓስወርድ አይባልም። ፊደሏን በሚመስላት ምልክት መተካት፣ ስም ጽፎ መጨረሻው ላይ ዓመት መጨመር፣ እነዚህን ዘዴዎች የሚገምቱት ፕሮግራሞች ከእኛ በፊት ያውቋቸዋል።

የሚያዋጣው ርዝመት ነው። 7,776 ቃላት ካሉበት ዝርዝር በዕጣ የወጡ 4 ቃላት ከ3,600 ትሪሊዮን በላይ ጥምረት አላቸው፤ በዚያው ፍጥነት ሁሉንም ለመሞከር ከ100 ዓመት በላይ ይፈጃል። አምስተኛ ቃል ሲጨመር ይህ ራሱ በ7,776 ይባዛል። በዕጣ የሚለውን አደራ እላለሁ። ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙር ስንኝ፣ የጸሎት መጀመሪያ፣ ሁሉም ረዥም ናቸው፤ ነገር ግን ቃላቱ ተከታትለው የሚመጡ ስለሆኑ ይገመታሉ። ወፍራም መጽሐፍ ይዘው ሳይመርጡ አምስት ቦታ ይግለጡና ጣትዎ ካረፈበት አካባቢ አንዳንድ ቃል ያውጡ። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ከሆኑ ደግ ነው።

ቃላቱ አማርኛ ቢሆኑ እሰየው፤ ሲያስገቡ ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። የዋይፋይ ይለፍ ቃል ከ8 እስከ 63 ምልክት ሆኖ ተራው የላቲን ኪቦርድ ላይ ባሉት ምልክቶች እንዲጻፍ ነው የተደነገገው። የግዕዝ ፊደል የማይቀበሉ ራውተሮች አሉ፤ የእርስዎ ቢቀበል እንኳ ቲቪው ወይም ካሜራው ላይ የሚያስገቡበት ኪቦርድ አያገኙም። «ፀሐይ» የሚለውን በላቲን ሦስት ሰው ቢጽፈው ሦስት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የመረጡትን አጻጻፍ ወረቀት ላይ ያስፍሩና ቤት ውስጥ ያስቀምጡት። ፓስወርድን ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ለቤት ዋይፋይ አልስማማም። አደጋው የሚመጣው ከአየር ላይ ነው፤ መሳቢያዎን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ቀድሞውኑ ቤትዎ ገብቷል።

የኔትወርኩንም ስም ይቀይሩት። ስሙ በዚያ የ4,096 ዙር ስሌት ውስጥ ስለሚገባ፣ ብዙ ሰው ለሚጠቀምባቸው የፋብሪካ ስሞች ውጤቱን አስቀድመው አስልተው ያከማቹ አሉ። ለየት ያለ ስም ይህን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። የራስዎን ስምና የቤት ቁጥርዎን ግን አይጻፉበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ደብሊውፒኤ3 ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የመገናኛ ሥርዓቱ ስለተቀየረ አንድ ግምት ለመሞከር ከራውተሩ ጋር በቀጥታ መነጋገር ግድ ይላል፤ ቀድቶ መሄድ አይጠቅምም። ዛሬ የቀዳውን ነገ ፓስወርዱን ቢያገኝ እንኳ የድሮውን ልውውጥ ሊፈታው አይችልም። ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ የዋይፋይ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ አዲስ መሣሪያ ሁሉ ይህን እንዲደግፍ ይገደዳል፤ ስለዚህ አዲሱ ራውተርዎ ይኖረዋል ብዬ እገምታለሁ።

ሴቲንጉን እንደከፈቱ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ያጥፉት። ፓስወርድ ሳይጽፉ በአዝራር ወይም በ8 አሃዝ ቁጥር ለመገናኘት የተሠራ ነው። 8 አሃዝ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጨረሻዋ አሃዝ ከቀሩት የምትሰላ ማረጋገጫ ናት። በዚያ ላይ ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለብቻው ይናገራል። የመጀመሪያው ግማሽ 10,000፣ ሁለተኛው 1,000 አማራጭ ብቻ ስላለው በጠቅላላው ከ11,000 ሙከራ በላይ አይፈጅም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይፋ ወጥቷል። አምስት ቃል ያለው ፓስወርድ አውጥተው ይህን ክፍት ቢተዉት ድካምዎ ሁሉ መና ይቀራል።

አሁን ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ ወደማያውቀው ፓስወርድ ልምጣ። ከዋይፋዩ ጋር የተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ብራውዘር ከፍተው 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ቢጽፉ የራውተሩ የራሱ ገጽ ይመጣል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ገጹ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። ዋይፋዩ ላይ ለመግባት የሚያገለግለውን በየጊዜው የሚቀይር ሰው ይህኛውን ግን ከፋብሪካ እንደመጣ «አድሚን» እና «አድሚን» አድርጎ ይተወዋል።

በዚህ በኩል የገባ ሰው ዲኤንኤስ የተባለውን ቅንብር መለወጥ ይችላል። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት ነው፤ የተሳሳተውን ካስገባልዎ የባንክዎን ስም በትክክል ጽፈው ወደ ሌላ ሰው ገጽ ሊመሩ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ ዲኤንኤሱን ከራውተሩ ስለሚቀበል አንድ ለውጥ ሁሉንም ይነካል። በነገራችን ላይ፣ ብራውዘሩ የገጹን ማንነት ስለሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ «ይሁን፣ ቀጥል» ብለው አይለፉ፤ እንዲህ ያለውን ማታለል ብዙ ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው። «ገጹን የሚከፍተው ዋይፋዬ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው» ብለውም አይጽናኑ። ስልክ ላይ የተጫነ አንድ ክፉ አፕሊኬሽን ውስጥ ነው ያለው፤ የፋብሪካዎቹን ፓስወርዶች ለመሞከር ሰከንድ አይፈጅበትም።

ይህ በተግባር የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከ60 ጥቂት የሚበልጡ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ብቻ እየሞከረ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና የቤት ራውተሮችን ተቆጣጠረ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን በእነዚሁ መሣሪያዎች ዲን በተባለው የዲኤንኤስ ኩባንያ ላይ የትራፊክ ጎርፍ ተለቀቀበት፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች ካሜራቸው እንደ ወትሮው ይሠራ ስለነበር ምንም አላወቁም። የበር ካሜራ አለን ስላሉኝ ነው ይህን ማንሣቴ፤ የካሜራውንም የፋብሪካ ፓስወርድ ዛሬውኑ ይቀይሩ።

እዚያው የራውተሩ ገጽ ላይ እያሉ ከውጭ፣ በኢንተርኔት በኩል ራውተሩን ማስተዳደር የሚፈቅደው ምርጫ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ዩፒኤንፒ የተባለውንም ያጥፉት፤ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም መሣሪያ ሳያስፈቅድዎ ወደ ውጭ በር እንዲከፍት ያስችለዋል። አንዳንድ የኦንላይን ጨዋታ ስለሚቸገር ቤተሰብ ውስጥ የሚጫወት ካለ ቅሬታ ይሰማሉ፤ የዚያን ጊዜ የሚያስፈልገውን በር ብቻ በእጅ መክፈት ይቻላል።

የራውተሩን ፈርምዌር፣ ማለትም በውስጡ ያለውን ፕሮግራም፣ ያዘምኑ፤ በራሱ የሚያዘምን ምርጫ ካለው ያብሩት። ደብሊውፒኤ2 ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ክራክ በተባለው ግኝት ቀዳዳ ተገኝቶበት የተደፈነው በማዘመን ነው። በቀጣዩ ዓመት ቪፒኤንፊልተር የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ደግሞ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን እንደበከለ ተደርሶበታል። አምራቹ ማዘመኛ መልቀቅ ያቆመለት ራውተር ምንም ደህና ቢሠራ ዕድሜው አልቋል።

ለካሜራው የእንግዳ ኔትወርክ የሚባለውን ይክፈቱለት። አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች አላቸው፤ የራሱ ስምና ፓስወርድ ይኖረዋል፣ እዚያ ያለ መሣሪያ ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ላፕቶፕዎን አያይም። ካሜራው ነገ ቢጠለፍ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል። ቤትዎ የሚመጣ እንግዳም ይህንኑ ይስጡት። ቲቪውን በተመለከተ ከስልክዎ ላይ ቪዲዮ እየላኩ የሚያዩበት ከሆነ ዋናው ላይ ይተዉት፤ ሁለቱ በተለያየ ኔትወርክ ላይ ሆነው አይተያዩም።

ወደ ጥርጣሬዎ ልመለስ። የራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። ስልኮች በዘፈቀደ አድራሻ ስለሚገቡ የማያውቁት ስም ሲያዩ አይደንግጡ፤ የእያንዳንዱን መሣሪያ ዋይፋይ ተራ በተራ እያጠፉ ከዝርዝሩ የቱ እንደሚወጣ ይመልከቱ። ሁሉም ጠፍቶ የሚቀር ካለ እንግዳ ነው። አጭሩ መንገድ ግን ፓስወርዱን መቀየር ነው፤ ማንም ቢኖር ይወጣል፣ እርስዎም የራስዎን መልሰው ያስገባሉ።

ሆኖም ማታ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፈው ሰው ስለገባ ነው ብዬ አላምንም። ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙና በዚያው ሰዓት ፍጥነቱን ይለኩ። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነና ሌሎቹ የቤቱ መሣሪያዎች ያን ሰዓት ምንም እያወረዱ ካልሆነ፣ ችግሩ ወደ ቤትዎ በሚመጣው መስመር ላይ ነው፤ ዋይፋዩን ቢነካኩ አይለወጥም። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ የሚዘገይ ከሆነ የሞገድ መጨናነቅ ነው።

ዋይፋይ በዋናነት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 2.4 ላይ ከ11 እስከ 13 ቻናል አለ፤ ነገር ግን ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚራራቁና አንዱ ኔትወርክ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሚይዝ፣ ሳይነካኩ አብረው የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ጎረቤት ሁሉ 1 እና 6 ላይ ነው ብለው 3ን ቢመርጡ የሁለቱም ጫጫታ ይደርስብዎታል። ተመሳሳይ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፤ ተራ ይጠባበቃሉ። በከፊል የተነካኩት ግን ላይግባቡ ስለሚችሉ ይጯጯሃሉ። ከሦስቱ ሰው የሚያንስበትን ይምረጡ፤ ስፋቱንም 20 ላይ ያድርጉት። ማይክሮዌቭና ብሉቱዝም እዚሁ 2.4 አካባቢ ስለሚሠሩ፣ ለቲቪውና ለላፕቶፑ 5 ጊጋኸርዝን ይጠቀሙ። ብዙ ካሜራዎች 2.4ን ብቻ ያውቃሉ፤ ካሜራው አልገናኝ ካለዎት መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ይሁን እንጂ ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይዳከማል፤ የመኝታ ክፍሉ ችግር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ራውተሩ የት ነው የተቀመጠው? አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ከገባበት ጥግ፣ ከቲቪው ኋላ፣ ወለል ላይ ይሆናል። በተቻለ መጠን ወደ ቤቱ መሃል፣ ከትከሻ ከፍ ወዳለ ቦታ፣ ገላጣ መደርደሪያ ላይ ያውጡት። ኮንክሪት፣ ብረት፣ ጀርባው በብረት የተቀባ መስተዋት፣ ውኃ የያዘ ነገር ሁሉ ሞገዱን ያዳክሙታል። ውጫዊ አንቴና ካለው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ሞገዱ የሚሰራጨው ከአንቴናው ጎንና ጎን ነው፣ ከጫፉ አቅጣጫ አይደለም። ወደ መኝታ ክፍሉ የተቀሰረ አንቴና እዚያ የሚልከው ከሁሉ ያነሰውን ነው።

ቦታ ለውጠው ካልበቃ ሰው ወዲያው የሚገዛው ሪፒተር ነው፤ የራውተሩን ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ ማለት ነው። በአንዱ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ሬዲዮ የሚያስተላልፍ ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ከገዙትም ምልክቱ የጠፋበት ክፍል ውስጥ አይትከሉት፤ እሱም የሚያስተላልፈው ምልክት ማግኘት ስላለበት መንገድ መካከል፣ ዋይፋዩ ገና ጠንካራ በሆነበት ቦታ ያድርጉት።

ከሁሉ የምመርጠው ግን ኬብል ነው። ከራውተሩ እስከ መኝታ ክፍሉ አንድ የኔትወርክ ኬብል ይዘርጉና ጫፉ ላይ ሁለተኛ ማሰራጫ ይትከሉ። የኔትወርክ ስሙ፣ ፓስወርዱና የምስጠራ ዓይነቱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሁን፤ ቻናሉ ብቻ ይለይ። ስልኮችዎ የቀረባቸውን ይይዛሉ። የድሮው ራውተርዎ ካለ ለዚህ ሊያገለግል ይችላል፦ ኬብሉን ኢንተርኔት ከሚገባበት ሳይሆን ከተራዎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ፣ ዲኤችሲፒ የተባለውን አድራሻ የማደል ሥራውን ያጥፉ፣ ለራሱም ከዋናው የተለየ ቁጥር ይስጡት፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህ 192.168.1.2 ይሁን፣ ዋናው ያን ቁጥር ለሌላ እንዳያድለው ደግሞ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውስጥ ያስወጡት። ከዚያ በፊት ግን የሪሴት አዝራሩን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱትና አምራቹ እስካሁን ማዘመኛ የሚለቅለት መሆኑን ይመልከቱ። ካቆመለት አይሰኩት፤ አዲስ ማሰራጫ ይግዙ።